በዛብህ ያደረበት ቤት

ለሱሉልታ ድርሻዋ ይሰጣት ባይ ነኝ። ማንኩሳ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ባለታሪክ በዛብህን ወልዳለች። ዲማ ጊዮርጊስ ፍቅረኛውን ሰብለ ወንጌልን አሳድጋለች። ደብረ ማርቆስ ደራሲውን ሐዲስ ዓለማየሁን የእኔ ብላ በዩኒቨርሲቲዋ ውስጥ በስሙ የባህል ጥናት ተቋም አቁማለች። እኛስ? እኛ ድርቆሽ አለን። ስለ ሱሉልታ አንድ ነገር ተናገር የተባለ አዲስ አበቤ መጀመሪያ ድርቆሽ ይላል፤ ቀጥሎ ብርድ ይላል፤ ስፖርት የሚከታተል ከሆነ ሯጮች ይላል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ደጋግሞ ያነበበው እንኳ ሱሉልታን ከመጽሐፉ ጋር አያይዞ አያውቅም። በዛብህ ከጎጃም ተነሥቶ አዲስ አበባ መግባቱን ያውቃል፤ በየት በኩል እንደገባ ግን አልጠየቀም። በአየር የመጣ ሳይመስለው አይቀርም።

ከመጽሐፉ ጋር የተዋወቅሁት በጆሮዬ ነው። በደርግ ዘመን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ራዲዮ ሲተርከው የእኛ ግቢ ገበያ ይሆን ነበር። ባለ ራዲዮው አባቴ ስለነበረ ሥልጣኑ ከሊቀ መንበር አያንስም፤ ማን በርጩማ ላይ፣ ማን መሬት ላይ እንደሚቀመጥ፣ ማንስ ማሳል እንደሚፈቀድለት የሚወስነው እሱ ነው። የራዲዮው ድንጋይ ሲደክም ቀን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይውላል፤ ዶሮ እንዳይጭረው የምጠብቀው እኔ ነኝ። ማታ ወጋየሁ በሰብለ አባት በፊታውራሪ መሸሻ ድምፅ ሲገባ እማዬ «ይቅር አይበልህ!» ትላለች፤ ወጉን ሁሉ በሚነቅፈው በጉዱ ካሣ ሲመጣ ደግሞ «ተናገር አንተ፣ ተናገር!» ትለዋለች። ፊታውራሪውን የጠላችው በትረካው ሰዓት ብቻ አልነበረም። ወተት የሚረከባት ነጋዴ ሒሳብ ሲያዛባባት «አንተ መሸሻ!» ብላ ስትሰድበው ሰምቻለሁ። ነጋዴው ስሙ ሌላ ስለሆነ ግራ ገብቶት ጎዶሎውን ሞልቶላት ሄደ። በዛብህ የሞተ ዕለት እኛ ቤት እራት አልተበላም።

የእኔ ችግር ሌላ ነበር። ራዲዮው «አዲስ አበባ» ባለ ቁጥር እኔ የምሰማው «በእናንተ ደጅ በኩል» እያለ ነው። ከብት የምጠብቀው ከአስፋልቱ ዳር ነበርና ከጫንጮ አቅጣጫ ጋቢ ያጣፋና በትር የያዘ ሰው ብቅ ባለ ቁጥር ልቤ ይመታል። አንዱን ደፍሬ፣ «ጋሼ፣ ከዲማ ነው የመጡት?» አልኳቸው። «አይ ልጄ፣ ከጫንጮ ነው፤ በግ ሽጬ» አሉኝ። ማንነታቸውን ሲደብቁ ነው ብዬ አላስጨነቅኋቸውም። የፊታውራሪው ሰዎች ይከታተሏቸው ይሆናል።

ነገሩን የልጅ ቅዠት ነው ብሎ ለመተው ያስቸገረኝ ካርታው ነው። ከጎጃም አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ጎሐ ጽዮን ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ፍቼ፣ ደብረ ጽጌ፣ ሙከጡሪ፣ ጫንጮ እያለ የሱሉልታን ሜዳ ያቋርጣል፤ በመጨረሻም እንጦጦን ተሻግሮ ከተማ ይገባል። ዛሬ ዓባይ ላይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራ ሰፊ ድልድይ አለ፤ መኪናው የሚያስጨንቀው ቁልቁለቱና ዳገቱ ነው እንጂ ወንዙን ተሳፋሪው ሳያየው ያልፋል። የበዛብህ ዘመን ግን ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው። መንገዱ የእግርና የበቅሎ ነበር። ከሰላሌ ሲመጣ የዋለ እግረኛ ሱሉልታ ሲደርስ ፀሐይዋ ታዘቀዝቃለች። ከፊቱ እንጦጦ ቆሟል፤ ሽቅቡ አለ፣ ጫካው አለ፣ ጅቡ አለ። ጤነኛ ሰው በዚያ ሰዓት እንጦጦን አይጀምርም። ያድራል። የት ያድራል? እዚህ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው መጽሐፍ ማንበቡን ትቶ ፍርድ ቤት ይቀጠር።

ተፈጥሮም ብትሆን ከእኔ ጋር ናት። የእንጦጦ ተራራ የውሃ ድንበር ነው። በስተ ደቡብ፣ አዲስ አበባ ላይ የዘነበው ወደ አዋሽ ሄዶ አፋር ምድር ላይ ይቀራል። በእኛ በኩል የዘነበው ግን ወደ ሲቢሉ ወንዝ፣ ከሲቢሉ ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ ይገባል። አዲስ አበባ ከዲማ ጋር በምን ትገናኛለች? በአስፋልት። እኛ በውሃ ነው የተገናኘነው። ይህን ለጎረቤቶቼ ስነግራቸው «ታዲያ ቧንቧው ለምን ይቋረጣል?» ብለው ሌላ ርእስ ያነሣሉ።

ሌላው ዓለም ላልነበረ ሰው ቤት በመስጠት ጉዳይ ዓይን አውጣ ነው። የጣሊያኗ ቬሮና ሼክስፒር የጻፈላትን ጁልየት «እዚህ ነበር ቤቷ» ብላ ታስጎበኛለች። ከተማዋ በ1905 እ.ኤ.አ. አንድ አሮጌ ቤት ገዛች። ጁልየት ቆማ ከሮሚዮ ጋር ታወራበታለች የሚባለው ሰገነት ቤቱ ላይ አልነበረም፤ ከጊዜ በኋላ ቀጠሉለት። አሁን የዓለም ሕዝብ ሰገነቱ ሥር ተሰልፎ ፎቶ ይነሣል፤ ለጁልየት ከየአገሩ ደብዳቤ ይመጣላታል፤ በጎ ፈቃደኞች ተቀምጠው መልስ ይጽፉላታል። ለንደን ደግሞ ሼርሎክ ሆልምስ ለሚባለው መርማሪ በ1990 እ.ኤ.አ. ቤከር ጎዳና ላይ ሙዚየም ከፍታለች። በሩ ላይ የተለጠፈው ቁጥር እንደ መጽሐፉ 221ቢ ነው፤ ቤቱ የቆመው ግን በ237ና በ241 መካከል ነው። እነሱ ቁጥር ከሌላ ቦታ አምጥተው ለጥፈዋል። እኛ ብዙዎቻችን የቤት ቁጥር የሚባል ነገር ስለሌለን የፈለግነውን ብንለጥፍ የሚቀየመን ጎረቤት እንኳ የለም። ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሸገር ከተማ አንድ ክፍለ ከተማ ሆናለች፤ ማኅተሙም ሰሌዳውም ተለውጧል። ይህን ሁሉ ሰሌዳ የለወጠ አስተዳደር አንድ ለበዛብህ መጨመር አይከብደውም ብዬ አምናለሁ።

እርግጥ ዲማ ድረስ ሄዶ መሳለም የተሻለ ነበር። ዛሬ ግን ጎጃም ልሂድ የሚል ሰው ከዋጋው በፊት መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። በዛብህም ሳይጠይቅ የሄደ አይመስለኝም። ስለዚህ ኅዳር ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ከአንድ የአማርኛ መምህር ወዳጄ ጋር መጽሐፉን በፌስታል ይዘን እዚሁ ሱሉልታ ሜዳ ላይ የበዛብህን ማደሪያ ፍለጋ ወጣን። ውርጩ ሣሩ ላይ ገና አልቀለጠም ነበር። ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር በላይ የምንኖር ሰዎች ነን፤ ኅዳር ላይ ጠዋት ጠዋት ለሰው ሰላምታ የምንሰጠው በእንፋሎት ነው።

ችግሩ የተነሣው ገና ሳንርቅ ነው። እኔ በልቤ የያዝኩት ሰብለ ወንጌልን ነበር። የመነኩሴ ልብስ ለብሳ፣ ከአባቷ ቤት ጠፍታ፣ ሱሉልታ ላይ በአንዱ ገበሬ ደጅ «የመንገደኛ ማደሪያ» ስትል በዓይኔ ይታየኛል። መምህሩ ቆመ።

«ሰብለ እዚህ መቼ ደረሰች?»

«ወደ አዲስ አበባ አይደል እንዴ የተነሣችው?»

«ተነሣች እንጂ አልደረሰችም። በዛብህን ያገኘችው መንገድ ላይ ነው። ረሳኸው?»

ሰው የሚወዳትን ልጅ በአንድ ጊዜ ሱሉልታ እንዳትገባ መከልከል ተገቢ አይደለም። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ መምህሩ አዘነልኝ መሰለኝ ሌላ ስሌት አመጣ። «ሰብለን ተዋት። በዛብህን ግን አስበው፤ አንድ ጊዜ ከዲማ ሸሽቶ ሲመጣ አልፏል፤ ሁለተኛ ወደ እሷ ሲመለስ አልፏል። ሁለት ጊዜ!» አለኝ። እውነት ነው። ሁለት ጊዜ በሱሉልታ በእግሩ ያለፈ ሰው፣ ቦታ ገዝተው በቆርቆሮ አጥረው ከዚያ ወዲህ ካልታዩት አዲስ አበቤዎች የተሻለ ነዋሪ ነው። መታወቂያ ይገባዋል።

ይህን ተስማምተን ስንሄድ ሯጮች በአጠገባችን እየተግተለተሉ አለፉ። ይህ ሜዳ ከቀነኒሳ በቀለ እስከ እንግሊዙ ሞ ፋራህ ድረስ ስንቱን ሯጭ አሰልጥኗል። መምህሩ ወደ ጫማቸው እያየ «በዛብህ ይሄን ተጫምቶ ቢሆን ኖሮ ማን ይደርስበት ነበር?» አለ። መጽሐፉ ግን በግማሽ ያጥር ነበር።

መምህሩ የማደሪያውን ቦታ ለማወቅ መስፈርት አውጥቷል። በዛብህ የቤተ ክህነት ልጅ ነው፤ እናቱ ለእግዚአብሔር የተሳለችው ነው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን በማይታይበት ቦታ አያድርም። እንግዳ ነውና ከመንገድ ብዙ አይርቅም። ደክሞታልና ውሃ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ክረምት ከሆነ መረሬው እግር ስለሚይዝ ከፍ ያለ ቦታ ይመርጣል የሚል ጨመርኩ። ይህን ሁሉ እያሰላን፣ መምህሩ በእርምጃ እየለካ፣ እኔ ወረቀት ላይ እየጻፍኩ፣ ከአንድ የድርቆሽ ክምር ጥግ ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌ ዘንድ ደረስን።

«እንደምን አደሩ አባባ?»

«እግዜር ይመስገን። የመሬት ሰዎች ናችሁ?»

ሱሉልታ ውስጥ ወረቀት ይዞ ሜዳ ላይ የሚራመድ ሰው ወይ የመሬት ቢሮ ሰው ነው ወይ ደላላ ነው። ሦስተኛ የለም። ሽማግሌው ሁለቱንም እንደማይወዱ ከበትራቸው አያያዝ ተረዳን።

«አይደለንም አባባ። ሰው ፍለጋ ነው የመጣነው።»

«ማንን?»

«በዛብህ የሚባል፤ ከጎጃም የመጣ የቅኔ ተማሪ።»

«መቼ ነው የጠፋው?»

መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቆይቷል። ከጣሊያን በፊት ነው።»

«ታዲያ አሁን ነው የምትፈልጉት?» አሉ፤ ቤተሰቡን እንደ መውቀስ።

ቁጭ አልንና ታሪኩን ነገርናቸው። ሲናገር የሚያምርበት መምህሩ ነው፤ እኔ እየረሳ የሚያልፈውን እሞላለሁ። ሽማግሌው የልጁ እናት ስለቷን ስታስገባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊታውራሪው ገበሬዎቹን ሲያስጨንቅ «ያውቃቸዋል፣ ያውቃቸዋል» አሉ፤ ደራሲውን ማለታቸው ነው። በዛብህ ሰብለን ፊደል እያስተማረ ሲፋቀሩ ትንሽ ፈገግ ብለው ዞር አሉ። በዛብህ መንገድ ላይ ሲሞት ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ነፍስ ይማር። ዘመድህ ነው?»

«አይ አባባ። መጽሐፍ ውስጥ ያለ ሰው ነው።»

«መጽሐፍ ውስጥ ማለት?»

«ማለት… ደራሲው የፈጠረው ነው። አልተወለደም።»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«አልተወለደም። ግን ሞተ።»

«አዎ።»

«እናንተም ያደረበትን ቤት ትፈልጋላችሁ።»

«አዎ አባባ።»

ወደ ቤት ዞረው ተጣሩ፤ «እናንተ ልጆች! ለነዚህ ሰዎች ቶሎ ውሃ አምጡላቸው!»

ውሃው መጣ፤ ቀጥሎም እርጎ መጣ። ፀሐይ ያልመታን ጤነኞች መሆናችንን ቀስ በቀስ ስላመኑ ነው። እርጎውን እየጠጣን ሳለ ነው ያላሰብነውን ጥያቄ የጠየቁን። «ይሄን ሁሉ የፈጠረው ሰውዬስ? እሱም አልተወለደም?»

ተወልዷል አልናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለደ። በልጅነቱ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተማረ። ገና ወጣት ሳለ ዘመናዊ ትምህርት ፍለጋ አዲስ አበባ መጣ። ጣሊያን ሲወር ከራስ እምሩ ጋር ዘመተ፤ ተማርኮ ጣሊያን አገር ታሰረ። ከነፃነት በኋላ ተመልሶ አምባሳደርም ሚኒስትርም ሆነ። መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. አሳተመ፤ በ1996 ዓ.ም. አረፈ።

ሽማግሌው ከዚህ ሁሉ የያዙት አንዱን ነው። «ለትምህርት ከጎጃም ሲመጣ በመኪና ነው?»

«የምን መኪና አባባ፤ በዚያን ጊዜ።»

«እንግዲያ በዚህ ነዋ ያለፈው!» አሉና በበትራቸው መንገዱን አመለከቱ። «የተወለደውን ትታችሁ ያልተወለደውን ማደሪያ ትፈልጋላችሁ?»

መምህሩ አቀርቅሮ እርጎውን ጠጣ። ሃያ ዓመት ሙሉ መጽሐፉን ያስተማረ ሰው ነው፤ በፈተና ላይ «በዛብህ ከየት ወደ የት ተጓዘ?» ብሎ ጠይቆ ያውቃል፤ ስለ ደራሲው ጉዞ ግን ጠይቆ አያውቅም። እሱ ብቻ አይደለም። ዲማ የሚሄደው አንባቢ ሁሉ የሚጠይቀው የፊታውራሪ መሸሻን ቤት ነው። ገዳሙ ከልቦለዱ ብዙ መቶ ዓመት እንደሚበልጥ፣ የጻፈው ልጅ ራሱ እዚያ ትምህርት እንደቀመሰ ቢነገረው «እሱስ ይሁን፤ የሰብለ መስኮት የትኛው ነው?» ይላል። ደራሲ ያልነበረውን ሰው እንዲህ አድርጎ ካስገባብን በኋላ እሱ ራሱ ከበር ውጭ ቆሞ ይቀራል። ይህ ለደራሲው ሽልማት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግፍ ነው እላለሁ።

«አባባ፣ ምናልባት አባትዎ ቤት አድሮ ይሆን?» አልኳቸው፤ ድርሻችን ከእጄ እንዳትወጣ።

«ሊያድር ይችላል። ከዓባይ ማዶ የሚመጣ መንገደኛ ብዙ ነበር ይባላል።»

«ስሙን ሰምተው አያውቁም?»

«አባቴ እንግዳ ስሙን አይጠይቅም ነበር። ነውር ነው። እግሩን ያጥባል፣ ያበላል፣ ያስተኛል፤ ጠዋት ይሸኛል።»

የታሪክ ምሁራን ስለ ማስረጃ መጥፋት ሲናገሩ ቃጠሎና ዝርፊያ ያነሣሉ። በእኛ አገር ትልቁ የማስረጃ አጥፊ ጨዋነት መሆኑን የሚያነሣ የለም። አንድ ጊዜ ብቻ «ልጄ፣ ማን ልበል?» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ሱሉልታ ዛሬ ሙዚየም ነበራት።

የአባታቸው ቤት የነበረበትን ቦታ ግን አሳዩን። ሄድን። መምህሩ ያወጣው መስፈርት ሁሉ ተሟልቶበታል፤ ከፍ ያለ ነው፣ ለመንገዱ ይቀርባል፣ ቤተ ክርስቲያን ይታያል፣ ዝቅ ብሎ ምንጭ ነበረ ተብሏል። አሁን ዙሪያው በቆርቆሮ ታጥሯል፤ በውስጡ ሣር ብቻ ነው። ስሜት ያዘንና መጽሐፉን ከፌስታሉ አውጥተን ቆርቆሮው ሥር ይዘነው ፎቶ ተነሣን። ወዲያው ጥበቃው ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ብቅ አለ።

«ፎቶ ክልክል ነው። የመሬት ሰዎች ናችሁ?»

«አይደለንም። ታሪካዊ ቦታ ስለሆነ ነው።»

«ማን ነው ያለው?»

«ትልቅ ደራሲ አድሮበት ሊሆን ይችላል።»

ጥበቃው ቦታውን ዞሮ አየው፤ እኛንም አየን፤ መጽሐፉንም አየው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንደሱ ብላችሁ እንዳታወሩ፤ ባለቤቱ ከሰማ ዋጋ ይጨምራል» አለን። በዚያ ቀን ካገኘናቸው ሰዎች ሁሉ የቬሮናን ሰዎች አስተሳሰብ የያዘ እሱ ብቻ ነበር።

እንግዲህ መምጣት ለምትፈልጉ፦ ከአዲሱ ገበያ ወይም ከድል በር ታክሲ አለ። ጃኬት ያዙ። ወረቀትና ሜትር አትያዙ፤ ምክንያቱን ነግሬያችኋለሁ። መጽሐፉን ከከተማ ይዛችሁ ኑ፤ እዚህ አስፋልት ዳር የስልክ ሽፋን በየዓይነቱ ታገኛላችሁ፣ መጽሐፍ ግን እኔ አላገኘሁም። የክፍለ ከተማችን ሰሌዳ ጽሕፈት በእጃችሁ ያለ የሱሉልታ ሹማምንትም ካላችሁ፣ የጎጃም መንገድ ዳር አንድ ሰሌዳ ትከሉልን፤ በአማርኛም በኦሮምኛም «ሐዲስ ዓለማየሁ ለትምህርት ሲሄድ በዚህ ሳያልፍ አልቀረም» ይበል። ቦታ ከተረፈ የበዛብህ ስም ከታች በትንሹ ይጻፍ። የቀለሙን ዋጋ እኔና መምህሩ እንችላለን።